ጠፍታ የምትመለሰው ቀይ መብራት፦ ባትሪ የማይሞላ አሮጌ ትራክተር ምን ያስተምረናል?

በአሮጌ ትራክተር ሰሌዳ ላይ ከአተር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ አንዲት ቀይ መብራት ትገኛለች። ቁልፉ ሲዞር ትበራለች፤ ሞተሩ ተነሥቶ ዙሩ ከፍ ሲል ደግሞ ትጠፋለች። መጥፋቷ ዲናሞው ኤሌክትሪክ እያመነጨ፣ ባትሪውም እየተሞላ ስለመሆኑ ምልክት ነው። በርታ ከቀረች ግን ትራክተሩ የሚሠራው ከባትሪው በተበደረው ጉልበት ነው ማለት ነው፤ ብድሩም ሳይከፈል ውሎ ያድራል።

እንደሚታወቀው በአገራችን አንድ ተሽከርካሪ «ባትሪ አልሞላ» ሲል የሚሰጠው የመጀመሪያ መፍትሔ ባትሪውን መለወጥ ነው። ያ ካልሠራ ዲናሞው ይለወጣል። እሱም ካልሠራ ማሽኑ ጥግ ይይዝና ዶሮ ይሰፍርበታል። ይሁንና ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከባትሪውም ሆነ ከዲናሞው ላይሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ታድሶ ሥራ ሊጀምር የተዘጋጀ አንድ አሮጌ ማሲ ፈርጉሰን 35 ትራክተር ያጋጠመውን የባትሪ መሙላት ችግር መነሻ በማድረግ፣ በአሥረኛ ክፍል የፊዚክስ ትምህርት የምናውቃቸው ሕጎች እንዴት የጥገና መሣሪያ እንደሚሆኑ እንመለከታለን።

ትራክተሩና ዘመኑ

ሃሪ ፈርጉሰን የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ ማረሻን ከትራክተር ጋር በሦስት ነጥብ አገናኝቶ በሃይድሮሊክ የማንሳት ዘዴን ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነው። ቲ-ኢ-20 የተባለው ትንሹ ግራጫ ትራክተሩ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 በእንግሊዝ አገር በኮቬንትሪ ከተማ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። የፈርጉሰን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1953 ማሲ-ሃሪስ ከተባለው የካናዳ ኩባንያ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ የመጣው ሞዴል 35 ደግሞ እስከ 1964 ድረስ ተመርቶ ቦታውን ለሞዴል 135 ለቅቋል።

ዛሬ በእንግሊዝና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች እነዚህ ትራክተሮች የሚታደሱት በአብዛኛው ለትርዒትና ለእርሻ ውድድር ነው። በእኛ አገር ግን ታሪካቸው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ በሚንቀሳቀስበት ዘመን ትራክተር በስንዴ ማሳዎች ላይ በፍጥነት ተስፋፋ። ይህ መስፋፋት ምርትን እንዳሳደገ ሁሉ በርካታ ጭሰኞችን ከመሬታቸው እንዳፈናቀለም የታሪክ ምሁራን ጽፈዋል። ከዚያ ዘመን የተረፈ ትራክተር ዛሬም የሚታደሰው ለመታየት ሳይሆን ለማረስ ነው። ስለዚህም የማይሞላ ባትሪ የዘር ወቅትን ሊያሳልፍ የሚችል ጉዳይ ይሆናል።

የናፍጣ ሞተር የኤሌክትሪክ ጉድለትን የመደበቅ ጠባይ አለው። የቤንዚን ሞተር ካንዴላ ስላለው ባትሪው ሲደክም እየተንተፋተፈ ይቆማል። የናፍጣ ሞተር ግን ነዳጁን የሚያቀጣጥለው አየርን አምቆ በማሞቅ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተነሣ ያለ ባትሪም ቀኑን ሙሉ ይሠራል። በስሌት እንየው። ሞተሪኖው ሞተሩን ለማስነሣት ለ10 ሰከንድ 300 አምፔር ቢወስድ የወሰደው 3,000 ኩሎም ነው፤ ይህም ወደ 0.83 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። ስልሳ አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ጤነኛ ባትሪ ይህን ያህል ወጪ ለብዙ ቀናት ይችላል። ነገር ግን የፊትና የኋላ መብራቶች በድምሩ 7 አምፔር እየወሰዱ ለአምስት ሰዓት ሌሊት ቢታረስ 35 አምፔር-ሰዓት ይጠፋል። በማግሥቱ ጠዋት ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ሾፌሩም ከዚያ ወዲያ ትራክተሩን ቁልቁለት ላይ ማሳደር ይለምዳል። ጉድለቱ የተፈጠረበትና የታየበት ቀን ስለሚራራቁ መንሥኤውን መፈለግ ያስቸግራል።

ዲናሞ ከየት ይጀምራል?

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያረጋገጠው ሕግ በጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚያልፍ መግነጢሳዊ ፍሰት ሲለዋወጥ በሽቦው ላይ ቮልቴጅ እንደሚፈጠር ይነግረናል። በዲናሞው ውስጥ የሚሽከረከረው አርማቸር በመግነጢሳዊ መስክ መካከል ሲዞር ይህንኑ ያደርጋል። የሚፈጠረው ቮልቴጅ በየግማሽ ዙሩ አቅጣጫውን ስለሚቀያይር ኮሚውቴተር የተባለው የተከፋፈለ የመዳብ ቀለበትና በላዩ የሚንሸራተቱት ካርቦኖች ወደ አንድ አቅጣጫ ያስተካክሉታል። ባትሪ ሊሞላ የሚችለው በአንድ አቅጣጫ በሚፈስ ኮረንቲ ብቻ ነውና።

ነገር ግን መግነጢሳዊው መስክ ራሱ ከየት ይመጣል? በዲናሞው ቀፎ ውስጥ ያሉት የመስክ ጥቅሎች ኤሌክትሮ መግነጢሶች ናቸው፤ እንዲሠሩ ኮረንቲ ይፈልጋሉ። ኮረንቲውን የሚሰጣቸው ደግሞ ዲናሞው ራሱ ነው። ዲናሞው እንዲያመነጭ መስክ ያስፈልገዋል፤ መስኩ እንዲኖር ዲናሞው ማመንጨት አለበት። ይህ የዶሮና የእንቁላል ጥያቄ የተፈታው በ1860ዎቹ ነው። ቬርነር ዚመንስ በበርሊን፣ ቻርልስ ዊትስተን ደግሞ በለንደን፣ እ.ኤ.አ. በ1867 መጀመሪያ ላይ መልሱን በየፊናቸው ይፋ አደረጉ። የብረቱ እምብርት አንድ ጊዜ መግነጢስ ከሆነ በኋላ ኮረንቲው ቢቋረጥም ጥቂት መግነጢስነት ይቀርበታል። ይህን ቅሪት መግነጢስ እንበለው። ዲናሞው ሲሽከረከር ቅሪቱ 2 ቮልት ያህል ይፈጥራል፤ ሁለቱ ቮልት በመስክ ጥቅሉ ጥቂት ኮረንቲ ያሳልፋል፤ ኮረንቲው መስኩን ያጠነክራል፤ የጠነከረው መስክ ተጨማሪ ቮልት ይወልዳል። ውጤቱ መንሥኤውን መልሶ እያጎለበተ ይሄዳል ማለት ነው።

ይህ እድገት ካልተገታ አደገኛ ነው። በዘመኑ በእንግሊዝ ትራክተሮች ላይ የተለመደው የሉካስ ዲናሞ የመስክ ጥቅል ተቃውሞ ወይም ሬዚስታንስ ወደ 6 ኦም ይጠጋል። በ12 ቮልት 2 አምፔር ያልፍበታል፤ በሙቀት መልክ የሚወጣው ኃይልም 24 ዋት ነው። ቮልቴጁ ወደ 24 ቢያድግ ኮረንቲው 4 አምፔር፣ ሙቀቱ ግን 96 ዋት ይሆናል። ኃይል ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ሆነ። የሽቦው መሸፈኛ ቫርኒሽ ይህን ለረጅም ጊዜ አይችለውም።

ሬጉሌተሩ፦ በአንድ ሣጥን ውስጥ ሁለት ዘበኞች

ዲናሞውን የሚገታው ሬጉሌተር የሚባለው ጥቁር ሣጥን ነው። በውስጡ በመግነጢስ የሚሠሩ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያዎች ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ካታውት ይባላል። ሥራው እንደ ወንፊት በር ወደ አንድ ወገን ብቻ ማሳለፍ ነው። የዲናሞው ቮልቴጅ 13 ቮልት ገደማ ሲደርስ ጥቅሉ ብረቱን ስቦ ዲናሞውን ከባትሪው ጋር ያገናኘዋል። ሞተሩ ሲቆም ወይም ዙሩ ሲወርድ ኮረንቲው ወደ ኋላ ሊፈስ ሲጀምር ይለያያቸዋል። ካታውት ባይኖር ኖሮ ባትሪው ሌሊቱን በዲናሞው በኩል ፈስሶ ያልቅ ነበር። በዘመናዊው አልተርኔተር ይህን ሥራ ዳዮዶች ያለ ምንም ተንቀሳቃሽ አካል ያከናውኑታል።

ሁለተኛው የቮልቴጅ ተቆጣጣሪው ነው። ቮልቴጁ ከተወሰነለት ወሰን ሲያልፍ ንክኪው ይከፈትና በመስክ ጥቅሉ መንገድ ላይ ተጨማሪ ተቃውሞ ይገባል። መስኩ ይደክማል፤ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ንክኪው እንደገና ይዘጋል። ይህ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየተደጋገመ ቮልቴጁን በአማካይ ከወሰኑ አያሳልፈውም።

በሬጉሌተሩ ላይ አራት ዋና ዋና ጫፎች አሉ። በ«ዲ» ከዲናሞው የመነጨው ኮረንቲ ይገባል። ከ«ኤፍ» ወደ መስክ ጥቅሉ ይሄዳል። «ኤ» ወደ ባትሪው የሚወስደው ነው። «ኢ» ደግሞ ከትራክተሩ አካል ማለትም ከግራውንድ ጋር የሚገናኘው ነው። የካታውቱም ሆነ የተቆጣጣሪው ቮልቴጅ የሚለኩት ጥቅሎች መመለሻቸው ይህ «ኢ» ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ የምርመራው ቁልፍ እዚህ ላይ ነውና።

ቀይዋ መብራት የምትገኘው በቁልፉ በኩል በሚመጣው የባትሪ ቮልቴጅና በ«ዲ» መካከል ነው። ስለዚህ የምትለካው የዲናሞውን ጤንነት ሳይሆን የሁለት ነጥቦችን የቮልቴጅ ልዩነት ነው። ሞተሩ ሳይሽከረከር «ዲ» ዜሮ፣ ባትሪው 12.6 ስለሆነ ልዩነቱ 12.6 ቮልት ሆኖ ትበራለች። ካታውቱ ሲዘጋ ሁለቱ ነጥቦች አንድ ይሆናሉና ልዩነቱ ዜሮ ሆኖ ትጠፋለች። አምፖል ደግሞ የኮረንቲን አቅጣጫ አይለይም።

አዲስ ቀለም የተቀባው ትራክተር

ጉዳዩ ያጋጠመው በአንድ የግብርና ማሠልጠኛ ተቋም ነው። ሠልጣኞቹ ትራክተሩን እስከ መጨረሻው ቡሎን ፈትተው፣ ዝገቱን አራግፈው፣ ፀረ ዝገት ቀብተው፣ ቀይና ግራጫ ቀለም ነፍተው መልሰው ገጥመውታል። ሲታይ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ባትሪው ግን አይሞላም። አንድ ባትሪ በወራት ውስጥ ሞቷል፤ በሁለተኛ ደረጃ የተገዛ አንድ ዲናሞም ተቃጥሏል። ተቋሙ ለሦስተኛ ጊዜ ገንዘብ ለማውጣት ስላመነታ ትራክተሩን ከአገልግሎት ውጪ ለማድረግ ሐሳብ ቀርቧል። ሠልጣኞች የሚለማመዱበት ሌላ ትራክተር አልነበረም፤ የእርሻው ወቅትም ተቃርቧል።

በወቅቱ የጋራዡ ኃላፊ ከነበሩት አንጋፋ መካኒክ ጋር ሆነን ምርመራውን ስንጀምር የመጀመሪያው መረጃ የተገኘው ከመለኪያ ሳይሆን ከእሳቸው አንደበት ነው። «ዶክተር፣ ይቺ መብራት ጠባይዋ አልገባኝም። ጋዝ ስሰጠው ትጠፋለች፤ ጨመር ሳደርግ ደግሞ ተመልሳ ትበራለች። ‹አምፖሉ ነው› ብለውኝ ለወጥኩት፤ አዲሱም እንደዚያው ነው» አሉ። «ጋሼ፣ ይህንን መቼ አስተዋሉ?» ብዬ ስጠይቃቸው «ከተቀባ ወዲህ ነው» ሲሉ መለሱልኝ።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቢያስብ ይመከራል። ጠፍታ የምትመለስ መብራት ልዩነቱ ዜሮ ሆኖ እንደገና ማደጉን ትነግረናለች። ዲናሞው ደካማ ቢሆን ኖሮ ጨርሶ ባልጠፋች ነበር። የ«ዲ» ቮልቴጅ ከዜሮ ተነሥቶ፣ ከባትሪው ጋር እኩል ሆኖ፣ ከዚያም ባትሪውን ጥሎ ወደ ላይ ሄዷል ማለት ነው። ሁለቱ ነጥቦች በካታውቱ ተገናኝተው ቢሆን ይህ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ አንድም ቴስተር ሳንነካ ሁለት ነገሮችን መገመት እንችላለን፤ ዲናሞው ያመነጫል፣ ካታውቱ ግን አልተዘጋም።

ግምት ግን በልኬት መረጋገጥ አለበት። ምርመራው የተካሄደው በሚከተለው ቅደም ተከተል ነው።

1. ባትሪው። በውጭ ቻርጀር ተሞልቶ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ሆነ። ይህ የጤነኛና ሙሉ ባትሪ መጠን ነው፤ 12.2 ገደማ ግማሽ መሙላቱን፣ ከ12 በታች ደግሞ ባዶ መሆኑን ያመለክታል። ሞተሩ ተነሥቶ በመካከለኛ ዙር ሲሠራ 12.5 ቮልት ላይ ቆየ። እየተሞላ ቢሆን ኖሮ ወደ 14 ቮልት በተጠጋ ነበር። እናም አለመሙላቱ ተረጋገጠ።

2. ቺንጊያው። በአውራ ጣት ሲጫኑት ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም ያልበለጠ እጥፋት አሳየ። አልላላም፤ አይንሸራተትም።

3. ዲናሞው ለብቻው። ሁለቱ ሽቦዎች ከዲናሞው ተነቅለው፣ ቮልት መለኪያው በ«ዲ» ጫፍና በዲናሞው ቀፎ መካከል ተደረገ። ወደ 2 ቮልት ተነበበ፤ ቅሪት መግነጢሱ አለ። ከዚያ «ዲ» እና «ኤፍ» በአጭር ሽቦ ተያይዘው ዙሩ ቀስ እያለ ሲጨመር ቮልቴጁ ሳይቆራረጥ ወደ 20 ወጣ፤ እዚያ ላይ ወዲያው ዙሩ ተቀነሰ። ዲናሞው ጤነኛ ነው። በዚህ ሙከራ ምንም ካልተነበበ ካርቦኖቹን፣ ወደ 1 ቮልት ብቻ ከተነበበ የመስክ ጥቅሉን፣ 4 ወይም 5 ቮልት ላይ ከቆመ ደግሞ አርማቸሩን መጠርጠር ይገባል።

4. ሬጉሌተሩ። ሽቦዎቹ ተመልሰው ሞተሩ በመካከለኛ ዙር ሲሠራ፣ በ«ዲ» እና በባትሪው የግራውንድ ጫፍ መካከል 24 ቮልት፣ በ«ኤ» ላይ ግን 12.5 ቮልት ተለካ። ልዩነቱ 11.5 ቮልት ነው። መብራቷ ተመልሳ የምትበራው በዚህ ምክንያት ነው። ሞተሩ ወዲያው እንዲጠፋ ተደረገ።

አሁን ሁለት ጉድለቶች በአንድ ላይ ታይተዋል። ካታውቱ አይዘጋም፤ ተቆጣጣሪውም አይገታም። የተለመደው ውሳኔ «ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፣ ይለወጥ» የሚል ይሆን ነበር። ይሁንና ሁለት የተለያዩ ማብሪያ ማጥፊያዎች በአንድ ቀን፣ ያውም ቀለም በተቀባ ማግሥት፣ በየራሳቸው ምክንያት ተበላሹ ከማለት ይልቅ ሁለቱንም የሚያስተኛ አንድ የጋራ ምክንያት መፈለግ ይቀላል። ሁለቱ የሚጋሩት ነገር ምንድን ነው? «ኢ» ነው።

5. ግራውንዱ። መለኪያው በ«ኢ» እና በባትሪው የግራውንድ ጫፍ መካከል ተደረገ። «ኢ» በትክክል ከአካሉ ጋር ከተገናኘ ሊነበብ የሚገባው ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ነው። ሞተሩ ለአፍታ ሲነሣ ግን የተነበበው ከ«ዲ» ጋር ሊተካከል የቀረበ ቮልቴጅ ሆነ። ግራውንድ የተባለው ነጥብ ከግራውንድ ከ20 ቮልት በላይ ርቆ ተገኘ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥቅሎቹ መመለሻ መንገድ ስላጡ ኮረንቲ አያልፍባቸውም። ኮረንቲ ከሌለ በኦም ሕግ መሠረት በጥቅሉ ላይ የሚወድቅ ቮልቴጅ አይኖርም፤ ስለዚህ የጥቅሉ ሁለት ጫፎች እኩል ቮልቴጅ ይይዛሉ። ኮረንቲ የሌለው ጥቅል መግነጢስ አይሆንም፤ ካታውቱን አይስብም፤ ተቆጣጣሪውንም አይከፍትም። ዲናሞው ያለ ልጓም ይጋልባል። የመጀመሪያው ዲናሞ የተቃጠለው ደካማ ሆኖ ሳይሆን ገቺ አጥቶ ነው። ባትሪውም የሞተው ተሞልቶ ስለማያውቅ ነው፤ ባዶ የቆየ የእርሳስ ባትሪ በሳህኖቹ ላይ የሚሠራው የእርሳስ ሰልፌት ጥርቅም ከጊዜ በኋላ ስለሚጠነክር ወደ ቀድሞ ይዞታው ለመመለስ ያስቸግራል።

የ«ኢ» አጭር ሽቦ የታሰረው ሬጉሌተሩን በያዘው ሰሌዳ ቡሎን ሥር ነበር። ሰሌዳው ከፊትም ከኋላም፣ የቡሎኑ ቀዳዳ ዙሪያም ጭምር በሁለት ድርብ ፀረ ዝገትና በሁለት ድርብ ቀለም ተሸፍኗል። ቀለም ለብረት ጥሩ መከላከያ፣ ለኮረንቲ ግን ግድግዳ ነው። ትራክተሩ ሲያረጅ በዝገትና በጭቃ መካከልም ቢሆን ብረት ከብረት ይነካካ ነበር፤ ሲታደስ ግን ውበቱ መንገዱን ዘጋበት።

ለማረጋገጥ አንድ ሽቦ ከ«ኢ» ወደ ሞተሩ አካል ተዘርግቶ ሞተሩ ተነሣ። ዙሩ ጥቂት ከፍ ሲል ሬጉሌተሩ ውስጥ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መብራቷም ጠፍታ ጠፍታ ቀረች። መካኒኩ ከእኔ ቀድመው ጋዙን ጨመሩት፤ አልተመለሰችም። ከዚያም በቡሎኑ ዙሪያ ያለው ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ብረቱ እስኪያበራ ጸዳ፤ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ገባ፤ እንዳይዝግ ቫዝሊን ተቀባ፤ ከ«ኢ» ወደ ሞተሩ አካል የሄደውም ሽቦ ቋሚ ሆኖ ታሰረ። በመጨረሻ ሲለካ በ«ኢ» እና በግራውንዱ መካከል ከአንድ አሥረኛ ቮልት በታች፣ በባትሪው ላይ 14.2 ቮልት ሆነ። ወጪው አንድ ክንድ ሽቦና አንድ ሮንዴላ ነው።

በሥራ ላይ የሚደረግ ልኬት

ከዚህ ምርመራ የሚገኘው ዋናው ትምህርት ኮረንቲ እየፈሰሰ ሳለ የቮልቴጅን መውደቅ መለካት ነው። ብዙዎች ግንኙነትን የሚፈትሹት በኦም መለኪያ ነው። የኦም መለኪያ የሚያሳልፈው ኮረንቲ እጅግ ጥቂት ነው። ከአሥር ክሮቹ ዘጠኙ የተበጠሱበት ሽቦ ለኦም መለኪያ ጤነኛ ይመስላል፤ 15 አምፔር ሲጠየቅ ግን ይሞቃል። በአንጻሩ አንድ መገናኛ 0.1 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖረው 20 አምፔር ሲያልፍበት 2 ቮልት ይወድቅበታል። ለመሙላት ከተዘጋጀው 14 ቮልት 12 ብቻ ደረሰ ማለት ነው፤ ባትሪውም ከዚያ በኋላ አይሞላም። አንድ አሥረኛ ኦም ለመማሪያ ክፍል ስሌት ኢምንት ናት፤ ለትራክተር ግን ትልቅ ጉዳይ ናት።

በተጨማሪ ሁለት ማሳሰቢያዎች ይጠቅማሉ። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ ተሽከርካሪዎች ከአካላቸው ጋር የሚያገናኙት የባትሪውን አሉታዊ ጫፍ ሳይሆን አዎንታዊውን ነው። አሳዳሹ ይህን ሳያስተውል ባትሪውን እንደ ዛሬ መኪና ገልብጦ ቢያስር የዲናሞው ቅሪት መግነጢስ ከባትሪው ጋር ይቃረናል፤ ካታውቱ ሲዘጋም ሁለቱ ኃይሎች ተደምረው ንክኪዎቹን ሊያጣብቁ ይችላሉ። ስለዚህ ዲናሞ ከተለወጠ ወይም የባትሪው አቅጣጫ ከተቀየረ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የ«ኤፍ» ሽቦ ከዲናሞው ተነቅሎ፣ ከባትሪው ግራውንድ ካልሆነው ጫፍ የመጣ ሽቦ የዲናሞውን «ኤፍ» ጫፍ ለአፍታ እንዲነካ ይደረጋል። የቅሪቱ አቅጣጫ በዚህ ይስተካከላል።

ሁለተኛው የደኅንነት ጉዳይ ነው። የሚሞላ ባትሪ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ በአጠገቡ እሳትም ብልጭታም አያስፈልግም። ባትሪ ሲፈታ መጀመሪያ የግራውንዱ ጫፍ ይፈታል፤ ሲታሰር መጨረሻ ይታሰራል። የሚዞር ቺንጊያ አጠገብ ጋቢም ሆነ ልቅ እጅጌ ለብሶ መቆም ክልክል ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደከም?

አንዳንድ ተማሪዎች «ዲናሞና ካታውት ያለፈ ዘመን ነገር ነው፤ ዛሬ ሁሉም በኤሌክትሮኒክስ ይሠራል» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከ1960ዎቹ ወዲህ አልተርኔተርና ዳዮድ ዲናሞን ከአዳዲስ ተሽከርካሪዎች አስወጥተውታል። ነገር ግን ዘመናዊው መሣሪያ ሕጎቹን በታሸገ ሣጥን ውስጥ ሲደብቃቸው፣ አሮጌው ትራክተር ከፍቶ ያሳየናል። በዓይን የሚታይ ንክኪ፣ በጆሮ የሚሰማ «ጠቅታ»፣ በእጅ የሚዳሰስ ጥቅል አለው። የፋራዴይን ሕግ በፈተና ወረቀት ላይ በትክክል የጻፈ ተማሪ ትራክተር ላይ ሲያገኘው ካላወቀው ዕውቀቱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

በሌላ በኩል አንጋፋው መካኒክ መብራቷ ጠፍታ እንደምትመለስ ያስተዋሉት ከማንም በፊት ነው። የጎደለው ያስተዋሉትን ሰምቶ ወደ ቮልቴጅ ልዩነት ቋንቋ የሚተረጉመው ሰው ብቻ ነበር። የዩኒቨርሲቲውና የጋራዡ ዕውቀት በየአጥሩ ሲቀመጥ ባትሪ ይሞታል፣ ዲናሞ ይቃጠላል፣ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ዕቃም ይባክናል። ከዚያም አልፎ ሊያርስ የሚችል ማሽን በአንድ ሮንዴላ ምክንያት ለቁራጭ ብረት ይሸጣል። የትራክተሩ ምርመራ ከግማሽ ቀን አልበለጠም፤ ትራክተሩም የዚያን ዓመት እርሻ ሳያመልጠው ወደ ሥራው ተመልሷል።

ለአንባቢያን የቀረበ ጥያቄ

በመጨረሻም አንባቢያን ራሳቸውን እንዲፈትኑ የሚከተለውን ጥያቄ እናቀርባለን። በሌላ ተመሳሳይ ትራክተር ላይ ቀይዋ መብራት ሞተሩ ሲፈጥን ጨርሳ አትጠፋም፤ ተመልሳም አትደምቅም። መብራቶች በርተው ሌሊት ሲታረስ ፍም መስላ ትቀራለች፤ መብራቶቹ ሲጠፉ ግን እሷም ጭልምልም ብላ ትጠፋለች። በ«ዲ» እና በባትሪው ጫፍ መካከል ሲለካ 2 ቮልት ያህል ልዩነት ይገኛል። ዲናሞው ለብቻው ተፈትኖ ጤነኛ ነው፤ «ኢ» ም በትክክል ታስሯል። ጉድለቱ የት ነው? መብራቶቹ ሲጠፉ ቀይዋ መብራት ለምን ትጠፋለች? መለኪያውንስ በቅድሚያ በየትኞቹ ሁለት ነጥቦች መካከል ታደርጋላችሁ? ለመልሱ የሚያስፈልገው የኦም ሕግ ብቻ ነው።